ታንኳው አራት ሰው ይፈልጋል

ዳኛው ጉልበታቸውን ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸው ከሆስፒታል ሲወጡ ወደ ራሳቸው ቤት እንዳይሄዱ የከለከለቻቸው ልጃቸው ናት። የእሳቸው ቤት ደረጃ አለው፤ የእሷ የለውም። ፋርማሲስት ስለሆነች ደግሞ መድኃኒቱን እሷው ትሰጣቸዋለች። ክርክሩ በዚሁ አለቀ። ባሏን የጠየቀው ሰው የለም፤ እሱም እጠየቃለሁ ብሎ አልጠበቀም። ዕቃ ማስቀመጫ የነበረችውን ክፍል ጠርጎ፣ አልጋ አስገብቶ፣ መጋረጃ ሰቅሎ አማቱን ተቀበለ።

ባልየው የመኪና መንዳት አስተማሪ ነው። እጃቸው ከሚንቀጠቀጥ ሰዎች አጠገብ ተቀምጦ "ቀስ... ፍሬን... መስታወት እይ" ሲል ይውልና ቤት ሲገባ ቃል አልቆበት ይገባል። ዳኛው ደግሞ ዕድሜ ልካቸውን ሌላው ሲናገር ሰምተው፣ መጨረሻ ላይ አንድ ዐረፍተ ነገር ተናግረው የሚነሡ ሰው ነበሩ። ጡረታ ከወጡም በኋላ ልማዱ አልለቀቃቸውም። ማታ ማታ ሁለቱ ገበታ ላይ ፊት ለፊት ይቀመጣሉ።

"እንዴት ዋሉ አባባ?"

"ደህና።"

"ጉልበትዎስ?"

"አለ።"

ከዚያ በኋላ የሚሰማው የሹካ ድምፅ ነው። ሠርጉ ካለፈ ጀምሮ ከዚህ የረዘመ ጨዋታ ተጫውተው አያውቁም። ጠብ የለም፤ ቅሬታም የለም። የሚወራ ነገር ብቻ ጠፋ።

ዳኛው ተጋድመው ጣሪያ ሲያዩ መዋላቸው የልጃቸውን አንጀት በላው። የሥራ ባልደረባዋ መከረቻትና አንድ ቀን ዓይን ላይ የሚታሰር መነጽር ገዝታ መጣች። መነጽሩን ያደረገ ሰው አንድ ሐይቅ ዳር ይገኛል። ሐይቁ ውስጥ የሚገባው ሰው ብዙ ነው፤ ሁሉም ግን የሚታየው በእንስሳ መልክ ነው። ያወራሉ፣ ዓሣ ያጠምዳሉ፣ ጎጆ ይሠራሉ፣ ይጣላሉ። ቋንቋቸው አንድ የሆነ ሰዎች በየዳርቻው ተሰባስበው ይኖራሉ።

መነጽሩ "መልክ ይምረጡ" ሲላቸው ዳኛው መጀመሪያ የመጣውን ተቀበሉ። የመጣው ጉርጥ ነበር።

"አባባ፣ ሌላም እኮ አለ" አለች ልጃቸው። "አንበሳ አለ። ንስር አለ።"

"ተወስኗል" አሉ ዳኛው።

በመጀመሪያው ሳምንት መነጽሩን የሚያደርጉት ልጃቸውን ላለማስቀየም ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ቁርሳቸውን ቶሎ ቶሎ መብላት ጀመሩ። ከዚያ በኋላ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ልጅቷ ኩሽና ሆና ከአባቷ ክፍል እንግዳ የሆነ ድምፅ ሰማች። ትን ያላቸው መስሏት ውኃ በብርጭቆ ይዛ ሮጠች። ዳኛው አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው፣ መነጽሩ ዓይናቸው ላይ እንዳለ፣ ትከሻቸው እየተንቀጠቀጠ ነበር። እየሳቁ ነው።

ብርጭቆውን እንደያዘች ቆመች። አባቷ ሲስቁ ሰምታ አታውቅም። ፈገግታ አይታለች፤ ለዚያውም ፎቶግራፍ አንሺ አስገድዷቸው።

"አንቺ ደግሞ፣ ጉድ ነሽ" አሉ ዳኛው ለማታየው ሰው። ትንሽ ካዳመጡ በኋላ ደግሞ፦ "የለም፤ ቤቱ አሁን ባዶውን ነው ያለው። ቁልፉ እኔ ጋ ነው።"

ልጅቷ ውኃውን ራሷ ጠጣችው።

ማታ ባሏን መኝታ ቤት አስገብታ በሩን ዘጋች። ፋርማሲው መደርደሪያ ላይ ተደግፋ ስልኳ ላይ የምታነበው ነገር ብዙ ነው። ብቸኛ ሽማግሌ በፍቅር አታልለው ቤት ንብረቱን ስለሚወስዱ ሰዎች ያነበበችውን ሁሉ አወራችው።

"ሴትየዋ ቤቱን ነው የጠየቀችው" አለች። "ቁልፉ የት እንዳለ ሳይቀር ነገሯት።"

"ምናልባት እንዲሁ ጨዋታ ይሆናል።"

"አባባ ይጫወታሉ? አንተ አባባ ሲጫወቱ አይተህ ታውቃለህ?"

አይቶ አያውቅም።

"እንግዲያው ግባና እይልኝ" አለች። "እኔ ብገባ ድምፄን ያውቁታል። አንተን አያውቁህም።"

ዐሥራ አንድ ዓመት አማች የሆነ ሰው ይህን ሲሰማ ትንሽ ሊከፋው ይገባ ነበር። እሱ ግን አሰበበትና ልክ መሆኗን አመነ።

የራሱን መነጽር ገዛ። መልክ ሲመርጥ ኤሊ ሆነ፤ ኤሊን ማንም ልብ አይልም ብሎ ነው። ድምፁንም መነጽሩ ውስጥ ያለው ጌም ራሱ እንዲያወፍረው አደረገ። ቤት ውስጥ ሆኖ እንዳይናገር ግድግዳው ስስ ነው። ስለዚህ ከሥራ ሲመለስ ሕንፃው ሥር ካቆማት የማስተማሪያ መኪና ሳይወርድ ይቆይ ጀመር። ሌላ ጊዜ የሚቀመጠው ከተማሪው ጎን ነው፤ አሁን ግን ሰው ስለሌለ መሪው ፊት ተቀመጠ። ጎረቤቶች ጣሪያዋ ላይ "ለማጅ" የሚል ምልክት ያለባት መኪና ውስጥ አንድ ሰው ዓይኑን ሸፍኖ እጁን ሲያወናጭፍ እያዩ ያልፉ ነበር። ማንም ምንም አላለውም። አንዲት ሴት ብቻ ልጇን በእጇ ይዛ መንገድ ተሻገረች።

ጉርጥን ለማግኘት አልተቸገረም። ዳርቻው ላይ ያለ ሁሉ ያውቀዋል። ከዳርቻው ወደ ውኃው የገባ አሮጌ የእንጨት መወጣጫ ላይ ተቀምጦ፣ እግሩን ውኃ ውስጥ አንጠልጥሎ ያወራል። ከጎኑ አንዲት ረጅም ሽመላ ቆማለች።

"ኤሊ መጣ" አለ ጉርጥ። "ና፣ ተቀመጥ። ከየት ነው የተነሣኸው? ለነገሩ በአንተ እግር ከሆነ አምና ነው የተነሣኸው።"

አስተማሪው መኪናው ውስጥ ክው አለ። ድምፁ የአማቱ ነው። ቃሉ ግን የማን እንደሆነ አላወቀም።

"ከ... ከዚያ ማዶ" አለ።

"እዚህ ሰው ሲጠየቅ ይመልሳል፤ አትፍራ። ፍርድ ቤት አይደለም" አለ ጉርጥ፤ ሽመላም ሳቀች።

ሽመላ የተለየ ድምፅ ነበራት። የጠራ፣ ያልቸኮለ፣ እያንዳንዱን ቃል ለይቶ የሚያስቀምጥ ድምፅ ነው። አስተማሪው የሆነ ቦታ የሰማው መሰለው፤ የት እንደሆነ ግን ሊመጣለት አልቻለም። እንዲህ ያለ ድምፅ ያላት ሴት ሰው ማታለል አይከብዳትም ሲል አሰበ።

እንዲህ ሆኖ በየቀኑ ይሄድ ጀመር። ጉርጥ የሚያወራው ስለ ሁሉም ነገር ነው። አንድ ጊዜ ችሎት ላይ ተከሳሹም ምስክሩም ጠበቃውም እንቅልፍ ወስዷቸው እሱ ብቻ ነቅቶ መቅረቱንና ማንንም ላለመቀስቀስ በሹክሹክታ መበየኑን ነገራቸው። ሌላ ቀን ደግሞ የራሱን አማች አነሣ።

"ጨዋ ልጅ ነው" አለ። "እንዲህ ያለ ጨዋ አይቼ አላውቅም። ጉልበቴ እንዴት እንደዋለ ይጠይቀኛል። ስለ ጉልበት ምን ይወራል? 'አለ' እለዋለሁ። ሌላ ነገር ቢጠይቀኝ ብዬ እጠብቃለሁ፤ አይጠይቀኝም።"

"ለምን አንተ አትጠይቀውም?" አለች ሽመላ።

"ምን ብዬ?"

ኤሊ አንገቱን ወደ ውስጥ ሳበ። መኪናው ውስጥ ያለውም ሰው እንዲሁ።

ማታ ሚስቱ ዓይኗን አፍጥጣ ትጠብቀዋለች።

"እህስ?"

"እስካሁን ምንም የለም። ዓሣ ያጠምዳሉ።"

"ስለ ቤቱ?"

"ስለ ቤቱ አልተነሣም።"

"ምን አወሩ ታዲያ?"

የሰማውን ለመንገር አፉን ከፈተና ከየት እንደሚጀምር ጠፋው። "ስለ አየሩ" አለ።

ችግሩ የመጣው ከፍየል ጋር ነው። ከኤሊ ጥቂት ቀን ቀደም ብሎ አንድ ፍየል እዚያው መወጣጫ ላይ መመላለስ ጀምሮ ነበር። ድምፁ ወፍራም ነው፤ ሲናገርም ቃል ይመርጣል። አንድ ቀን ጉርጥና ሽመላ ለዓሣ ማጥመጃ ትል ሊያወጡ ሲሄዱ ኤሊና ፍየል ብቻቸውን ቀሩ።

"ጉርጥን ከየት ታውቀዋለህ?" አለ ፍየል።

"ከዚሁ ነው። አንተስ ሽመላን?"

"ከዚሁ።"

ትንሽ ውኃውን አዩ።

"ብቻዋን ነው የምትኖረው?" አለ ኤሊ።

"ለምን ጠየቅከኝ?"

"እንዲሁ።"

"ጉርጥስ ልጆች አሉት? የሚከታተለው ሰው?"

"አንተስ ለምን ጠየቅከኝ?"

"እንዲሁ ነዋ።"

የዚያን ዕለት ማታ አስተማሪው ለሚስቱ እርግጠኛ የሆነ ወሬ ይዞላት ገባ። ሴትየዋ ብቻዋን አይደለችም፤ ግብረ አበር አላት፤ ፍየል ነው። አባባን የሚከታተል ሰው መኖር አለመኖሩን እያጣራ ነው። ሚስቱ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። በከተማው ሌላ ጫፍ አንድ የጥርስ ሐኪም ለሚስቱ ይህንኑ ወሬ ስለ አንድ ኤሊ እየነገራት እንደነበር የታወቀው በኋላ ነው።

ከዚያ በኋላ ሁለቱ እርስ በርስ ይጠባበቁ ጀመር። ኤሊ በገባ ቁጥር ፍየል አለ፤ ፍየል በገባ ቁጥር ኤሊ ከች ይላል። አንዱ ሌላውን ላለመልቀቅ ዝናብም ቢዘንብ አይነሡም ነበር። ጉርጥ በዚህ በጣም ደስ ብሎት ነበር። መወጣጫው ጎን የታሰረች ታንኳ አለች። ወደ መካከለኛው ደሴት የምትሄደው አራት ሰው ሲቀዝፍ ብቻ ነው፤ ጌሙ እንደዚያ ሠርቷታል። ጉርጥና ሽመላ ለብዙ ጊዜ ሁለት ሰው ሲፈልጉ ከርመዋል። ወጣቶቹ ለአንድ ቀን ይመጡና ጨዋታው ቀርፋፋ ሆኖባቸው ይጠፋሉ።

"እናንተ ታማኝ ናችሁ" አለ ጉርጥ። "እንዲህ የሚጸና ሰው በዚህ ዘመን አይገኝም።"

ቀዘፉ። ኤሊ በግራ፣ ፍየል በቀኝ፣ እየተያዩ። ደሴቱ ላይ አንድ ዛፍና አንድ ወንበር ነው ያለው። ሽመላ ወንበሩ ላይ ቆመች፤ ጉርጥ ዙሪያውን አይቶ "ለዚህ ነው?" አለ፤ ሁለቱም እስኪደክማቸው ሳቁ። ሲመለሱ ጉርጥ መሪውን ያዘ፤ ኤሊም ሳያስበው "ቀስ፣ ቀስ፤ መስታወትህን እይ" አለው።

"ታንኳ መስታወት አለው?" አለ ፍየል።

"አባባሌ ነው" አለ ኤሊ።

ጉርጥ ግን ቀስ አለ።

አስተማሪው ነገሩ መቋጫ እንዲያገኝ ፈለገ። ፍየልን ለብቻው አግኝቶ በአካል እንገናኝ አለው። ፍየል እሱም ይህንኑ ሊል እንደነበር ነገረው። አንድ የገበያ አዳራሽ ውስጥ ያለ ጭማቂ ቤት መረጡ፤ ሰው የሚበዛበት ስለሆነ ነው። አስተማሪው ሚስቱን ይዞ ሄደ፤ እሷ ጎን ካለው ጠረጴዛ ጀርባዋን ሰጥታ ተቀመጠች፤ ነገሩ ከከፋ ጥበቃ ልትጠራ። ትንሽ ቆይቶ ነጭ ጋወን የለበሰ መነጽራም ሰው በሩ ላይ ቆሞ ዙሪያውን ማየት ጀመረ። በአንድ ታካሚና በሌላው መሐል ተጣድፎ ስለወጣ ጋወኑን ማውለቅ ረስቶታል።

"ኤሊ?" አለ ቀርቦ።

"ፍየል?"

አስተናጋጁ ሁለቱንም አያቸውና የምን ጭማቂ እንደሚፈልጉ ጠየቃቸው። ማንጎ አሉ። ማንጎው እስኪመጣ አልተነጋገሩም።

"በአጭሩ ልንገርህ" አለ ጥርስ ሐኪሙ። "ማን እንደሆንክ አውቀናል። ጠበቃ አለን። እናቴን ተዋት።"

"እኔም በአጭሩ ልንገርህ። አማቴን ተዋቸው።"

"የምን አማት?"

"የምን እናት?"

ጥርስ ሐኪሙ ማንጎውን አየው። አስተማሪው የጥርስ ሐኪሙን ጋወን አየ፤ ኪሱ ላይ የክሊኒኩ ስም ተጠልፏል። ጎን ካለው ጠረጴዛ ሚስቱ ዞረች።

"ሽመላ እናትህ ናት?" አለች።

"እርስዎ ደግሞ ማን ነዎት?"

"የጉርጥ ልጅ ነኝ።"

 ከዚያ ጥርስ ሐኪሙ ስልኩን አውጥቶ የእናቱን ፎቶግራፍ አሳያቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ በባቡር ጣቢያ የባቡሮችን መነሻና መድረሻ በድምፅ ማጉያ ሲናገሩ ኖረው ጡረታ የወጡ ሴት ናቸው። አስተማሪው ያን ጊዜ ድምፁን አወቀው። በዚያ ድምፅ ስንት ጊዜ ባቡር አምልጦታል።

"እናቴ ቤት ውስጥ አታወራም" አለ ጥርስ ሐኪሙ። "ሥራዋ ላይ ነበር ድምፅ የነበራት። አንድ ቀን ስትስቅ ሰማኋትና ደነገጥኩ።"

"ውኃ ይዘህ ሮጥክ?" አለች የጉርጥ ልጅ።

"የደም ግፊት መለኪያ ይዤ።"

የዚያን ቀን ተማክረው አንድ ነገር ወሰኑ። ማንም ለማንም አይናገርም፤ ኤሊና ፍየል ቀስ ብለው ይጠፋሉ። ዳኛው ስለላ እንደማይወዱ ልጃቸው ታውቃለች፤ ጥርስ ሐኪሙም እናቱ ብትሰማ ዓመት እንደምታኮርፈው ያውቃል።

በማግሥቱ ሁለቱም መወጣጫው ላይ ተሰናበቱ። ኤሊ ሥራ በዝቶብኛል አለ። ፍየል ወደ ሌላ ዳርቻ መዛወሩን ተናገረ።

"ሁለታችሁም በአንድ ቀን?" አለ ጉርጥ።

"አጋጣሚ ነው" አለ ፍየል።

"ልጄ" አለች ሽመላ፣ "ትናንት ከጭማቂ ቤት ጋወንህን ለብሰህ ስትወጣ የታችኛዋ ጎረቤቴ አይታሃለች። ደግሞ ድምፅህን ቢያወፍሩትም 'እሺ' ስትል አፍንጫህ ውስጥ ነው የምትለው፤ ከልጅነትህ ጀምሮ። የመጣህ ዕለት ነው ያወቅኩህ።"

ፍየል አንገቱን ደፋ። ኤሊ ከእሱ ያነሰ የተጋለጠ መስሎት ትንሽ ወደ ኋላ ሸሸ።

"አንተም" አለ ጉርጥ። "መቅዘፍ ስትጀምር ክርንህ የመኪናህን ጡሩምባ ይነካል። በመስኮቴ እሰማዋለሁ፤ ወዲያው ደግሞ በመነጽሩ እሰማዋለሁ። ሁለት ጊዜ። ከመጀመሪያው የቀዘፋ ቀን ጀምሮ።"

"ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?" አለ አስተማሪው። አንደበቱ ላይ የነበረው ኤሊ ጠፍቶ ቤት ውስጥ የሚናገርበት ቋንቋ መጣ። "ይቅርታ ያድርጉልኝ አባባ። እኔ እንኳ..."

"እዚህ እርስዎ የሚባል የለም" አለ ጉርጥ። ድምፁ ላይ ቅሬታ ነበረበት። "ስንት ዓመት ሙሉ እርስዎ ተብያለሁ። እሱን ቤት ግባና እዚያ በለኝ።"

"እሺ... እሺ።"

"ያልነገርኩህ ደግሞ ታንኳው አራት ሰው ስለሚፈልግ ነው። ብነግርህ ትቀር ነበር።"

ዕውነቱን ነው፤ ይቀር ነበር።

ሁሉ ነገር ከተገለጠ በኋላ ልጅቷ ደንቡን ልታደርስ ፈለገች። ሽመላና ልጃቸውን ለእሑድ ምሳ ጋበዘች። ሾርባ ሠራች፣ ዶሮ ጠበሰች፣ አዲሱን የገበታ ልብስ አወጣች። እናትየው ጥቁር ሰማያዊ ቀሚስ ለብሰው መጡ። ዳኛው ከረባት አሰሩ። እጅ ለእጅ ተጨባበጡ።

"እንደምን አሉ?" አሉ ዳኛው።

"እግዚአብሔር ይመስገን። እርስዎስ?"

"ደህና ነኝ።"

ከዚያ በላይ አልሄደም። ዳኛው ሾርባቸውን አዩ። እናትየው መስኮቱን አዩ። አንዴ "እባክዎ ጨው ያቀብሉኝ" አሉ፤ ቃላቱ በክፍሉ ውስጥ አንድ በአንድ ጠርተው ሲሰሙ አስተማሪው ባቡር ሊያመልጠው እንደሆነ ሁሉ ሻንጣውን አንሥቶ ሊቆም ምንም አልቀረው። ልጅቷና ጥርስ ሐኪሙ ስለ ጥርስ ሳሙና ተወያዩ። ዶሮው ሳያልቅ እንግዶቹ ነገ ሥራ አለን ብለው ተነሡ። እናትየው ጡረተኛ ናቸው።

"አልተዋደዱም" አለች ልጅቷ ሳህን እያጠበች። ሆድ ብሷት ነበር።

አመሻሹ ላይ ግን ከዳኛው ክፍል ያ ድምፅ ተሰማ። ባሏም አሁን መደበቅ ስለቀረለት ሳሎን ሶፋው ላይ መነጽሩን አድርጎ ተቀምጧል፤ እሱም ይስቃል።

"ምንድነው የሚያስቃችሁ?"

"ምሳው" አለ ባሏ። "ሽመላ ጉርጥ ሾርባውን ሲያይ የነበረውን ፊት እያስመሰለች ነው። ጉርጥ ደግሞ..." ዐረፍተ ነገሩን ሳይጨርስ ሳቁ አፈነው።

ሳህኗን መለሰችና መወልወያ ጨርቁን በእጇ እንደያዘች ቆመች። እሷ አባቷን አሳክማ፣ ክኒናቸውን ቆጥራ፣ መነጽሩን ገዝታ ሰጥታለች። ጨዋታውን ደግሞ ባሏ ይሰማል። የጥርስ ሐኪም ይሰማል። ሐይቁ ዳር የሚውሉ፣ ከየት እንደመጡ የማይታወቁ ዝይዎች ይሰማሉ። እሷ ጋ ሲደርስ "ደህና" ነው፤ "አለ" ነው።

ሳምንቱን ዝም ብላ ሰነበተች። ባሏ ነገር እንዳለ ገባው፤ ግን ምን ብሎ እንደሚጠይቅ አላወቀም። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ መነጽሩን ሊያደርግ ሲል ከእጁ ወሰደችው።

"ዛሬ እኔ ነኝ" አለች።

"ልንገራቸው እንዴ?"

"አትንገር።"

ሶፋው ላይ ተቀመጠችና ኤሊ ሆና መወጣጫው ላይ ተገኘች። ሐይቁ ካሰበችው በላይ ሰፊ ነው። ፍየል መቅዘፊያ ያስተካክላል። ሽመላ ዓሣ ትጠብቃለች። ጉርጥ እግሩን ውኃ ውስጥ አንጠልጥሎ ያወራል።

"ኤሊ መጣ" አለና ቀጠለ። ወሬው የተጀመረው እሷ ሳትገባ ነው። "እና ልጄ የፋርማሲ ፈተናዋን መጀመሪያ ስትወድቅ፣ ሁለተኛ ለመፈተን የገባች ዕለት እኔ ችሎት ነበረኝ። አቋረጥኩ። በሕይወቴ ችሎት ያቋረጥኩት ያን ዕለት ብቻ ነው። ሆዴ ታመመ አልኩ። መኪናዬን አስነሥቼ ፈተናው ወደሚሰጥበት ሕንፃ ሄድኩ።"

"አገኘሃት?" አለች ሽመላ።

"የለም። ውጭ ውጭውን ዞርኩ። ስትወጣ አየኋት፤ ከጓደኞቿ ጋር ነበረች፤ እየሳቀች ነበር። ወደ ቤት ተመለስኩ። ማታ ስትገባ ምን ልበላት? እራት ቀርቧል ወይ ብዬ ጠየቅኳት።"

ያንን እራት ልጅቷ ታስታውሰዋለች። ፈተናው እንዴት ነበር ብለው አለመጠየቃቸውን ስንት ዓመት ሙሉ በሆዷ ይዛው ኖራለች። ለባሏ በተጋቡ በመጀመሪያው ዓመት ነግራዋለች፤ ከዚያ በኋላ ለማንም ተናግራ አታውቅም።

"ኤሊ ዛሬ ዝም ብሏል" አለ ፍየል።

"ለምን ወደ ውስጥ አልገባህም?" አለች ኤሊ።

ድምፁን የሚያወፍረው ነገር ወፍራም አድርጎ አወጣው፤ አነጋገሩ ግን የአስተማሪው አልነበረም።  አባቷን በሕይወቷ አንተ ብላቸው አታውቅም። ግድግዳው ማዶ አልጋው ሲንቋቋ ተሰማ።

ጉርጥ እግሩን ከውኃው አወጣ።

"የመኪና ማቆሚያ አጣሁ" አለ።

"ፈተናው እስኪያልቅ ድረስ?"

"ሲያልቅ ተገኘ።"

ልጅቷ መነጽሩ ውስጥ ዓይኗ ረጠበና ሐይቁ ተደበላለቀባት። መነጽሩን ማውለቅ አልፈለገችም።

"እኔ እኮ ያላሰብክልኝ ነበር የመሰለኝ" አለች።

"አውቃለሁ" አለ ጉርጥ። "ፊትሽ ላይ አየሁት። እንዴት እንደሚመለስ ግን አላወቅኩም፤ እራቱም ቀርቦ ነበር።"

ሽመላ ክንፏን አጠፈች። ፍየል ጉሮሮውን ጠራርጎ ታንኳው ዝግጁ ነው አለ። አራቱም ወረዱ። ልጅቷ መቅዘፍ አታውቅም። ታንኳዋ ወደ ደሴቱ መሄዷን ትታ እዚያው መዞር ጀመረች።

"በግራ ነሽ አንቺ" አለ ጉርጥ። "ቀስ ብለሽ ሳቢው።"

"እየሳብኩ ነው።"

"የምትስቢው ወደ ኋላ ነው።"

"እንዲህ ነው ያልከኝ።"

"እኔ እንዲህ አላልኩም። ፍየል፣ አንተ ምስክር ነህ፤ እንዲህ ብያለሁ?"

"እኔ አልሰማሁም" አለ ፍየል።

ባልየው ሶፋው ጥግ ተቀምጦ ይጠብቃል። የሚያየው ሚስቱ በባዶ እጇ አየሩን ስትጎትት ነው፤ ከግድግዳው ማዶ ደግሞ አማቱ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ሲከራከሩ ይሰማል። ከአንድ ሰዓት በላይ ጠበቀ። ውኃ አመጣላት፤ አልጠጣችም። በመጨረሻ ትከሻዋን ነካ አደረጋት።

"ለእኔስ?" አለ።

"ሌላ መነጽር ግዛ" አለች፤ ዞር አላለችም። "ይሄንን አልመልስም።"